ዋስ ያልጠየቅሁለት ዘበኛ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017

ሁኔታ፦ ሰላም ነው።

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ባዶ የተረኛ መዝገብ መርቆ ሰጥቶኝ ነበር። ሁለቱን ባለቤቴ ሐመልማል ለእንቆቅልሿ ወሰደችብኝ፤ ይኼኛው ተረፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመጋዘን በር ስጠብቅ በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ «ሰላም ነው» እያልኩ ስፈርም ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ተራ ዘበኛ፣ በመጨረሻ የጥበቃ ኃላፊ። አንድ ሚስማር ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው።

ዛሬ ከኮተቤ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሲያወሩ ሰማሁ። የአንዱ አስተማሪ ኮምፒውተር ውስጥ ሌባ ገብቶ፣ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ቆልፎ፣ «በዶላር ክፈልና ቁልፉን ልስጥህ» ብሎታል። የሰውየው የአምስት ዓመት ጥናት በዚያው ቀረ። ልጆቹ እየሳቁ ነው የሚያወሩት። እኔ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

እኛ ቤት ያለው ኮምፒውተር ልጃችን አግብታ ሐዋሳ ስትሄድ ትታልን የሄደችው ነው። ሳሎን ጥግ ላይ፣ የሐመልማል ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ውስጡ ያለው ግን የባለቤቴ የአራት ዓመት ልፋት ነው። ሐመልማል ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል ስታስተምር ከልጆች አፍ፣ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ ከሚወርዱ እናቶች አፍ የሰበሰበችውን እንቆቅልሽ፣ በሚያማት እጇ፣ በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል አስገብታዋለች። እስካሁን ሦስት መቶ ሰባ ደርሷል። አራት መቶ ሲሞላ ይበቃል ትላለች። ወንጌል የሚባለው የድሮ ተማሪዋ ማተሚያ ቤት አለው፤ «እትዬ፣ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ካመጡልኝ ለትምህርት መክፈቻ አደርስልዎታለሁ» ብሏታል።

በእጅ የተጻፉት ደብተሮች የሉም። ገልብጣ የጨረሰችውን ሁሉ መንገድ ዳር ቆሎ ለምትሸጠው ለአዱኛ ለመጠቅለያ ሰጥተናታል። «ወረቀት አይጥ ይበላዋል፤ ኮምፒውተሩን እኔ እጠብቀዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ መጠበቅ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ታች መንገዱ ላይ ኮምፒውተር የምትጠግነው ሰሚያ ጋ ሄድኩ። እሷ የፈታችው ማሽን ተመልሶ አይታመምም ይባላል።

«ጋሼ ሣህሌ፣ ፋየርዎል ማለት የግቢው በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ነው» አለችኝ። «በኢንተርኔት የሚገባና የሚወጣውን ያያል። አንቲቫይረስ ደግሞ ውስጥ ሆኖ ኪስ የሚፈትሸው ነው።»

ወዲያው ገባኝ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ አይደል?

«ታዲያ የትኛውን ልግዛ?»

«ምንም አይግዙ። ከዊንዶውሱ ጋር አብረው የመጡ አሉ፣ ሁለቱም። አፕዴት ያድርጓቸው፣ እንዳያጠፏቸው። ከሁሉ በላይ የእትዬን ጽሑፍ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ። ክራክ የሚባል ነገር ብቻ ቤትዎ አያስገቡ።» ክራክ ማለት የሚሸጠውን ፕሮግራም ቁልፉን ሰብረው የሚቸበችቡት ነው።

አመስግኛት ወጣሁ፤ ግን አልተዋጠልኝም። ያለ ደመወዝ የሚያድር ዘበኛ የት አገር አለ? ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ወይ ይተኛል ወይ ከሌባው ጋር ይካፈላል። ኮፒውም ቢሆን ሁለተኛ በር መክፈት ነው። ሁለት በር ሁለት ጥበቃ ይፈልጋል። አንዱን አጥብቄ ብይዝ ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ከበበ እንደ ቅዳሜው ሁሉ መጣ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖር የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ሚስቱ ካረፈች ስድስት ዓመቷ። ልጁ ሰገነት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አባቷ ቤት መጥታለች። እናቱ ከእንጦጦ እንጨት ስትሸከም ያደገ ስለሆነ እንቆቅልሽ ከአፉ አያልቅም። ዓይኑ ደክሟል እንጂ አፉስ አልደከመም።

ከደረት ኪሱ ፍላሽ ያወጣል፤ ሐመልማል ተቀብላ ትሰካለች፤ ሁለቱ ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ዝም። «ምንድነው?» ስል «መዝሙር ነው» ይላል። መዝሙር የሚያስቅ ከሆነ እሰየው።

ዛሬ ያን ፍላሽ በሌላ ዓይን አየሁት። የማን ቤት ገብቶ እንደወጣ ማን ያውቃል? ልናገር አፌን ከፈትኩና ይሉኝታ ያዘኝ። የሠላሳ ዓመት ጎረቤት «ኪስህን አሳየኝ» ይባላል?

ሊወጣ ሲል እንቆቅልሽ ጣለልኝ። «እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ አጥር ዘሎ ጎረቤት ይገባል።»

አላወቅሁም።

«አገር ስጠኝ።»

«ኮተቤን ሰጠሁህ።»

«ኮተቤ ገብቼ ምን አጥቼ! የወጥ ሽታ ነዋ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ሐመልማልም ሳቀች። እኔ ቫይረስ ነበር የመሰለኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጠየቅሁ። አንዱ ሰማያዊ ጋሻ ምልክት ያለውን አንቲቫይረስ አለ፤ ሌላው የንስር ጭንቅላት ያለውን። ሦስተኛው «ጠበል እርጭበት» አለኝ።

ጋሻውም ንስሩም ለሠላሳ ቀን መሞከሪያ በነፃ ይሰጣሉ። ሁለቱንም ጫንኩ፤ አንዱ ቢያንቀላፋ ሌላው ይነቃል ብዬ። አልሆነም። ጋሻው ንስሩን ሌባ ይለዋል፣ ንስሩ ጋሻውን። ሐመልማል ጽሑፏን ልትቀጥል ተቀምጣ ነበር።

«ሣህሌ፣ አንድ ፊደል ተጭኜ ሽንኩርት ልጬ ተመለስኩ፤ ፊደሉ ገና መንገድ ላይ ነው።»

ንስሩን አሰናበትኩት። ጋሻው የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ የሚከፈለው በዶላር ካርድ ነው አሉ። ጡረተኛ የዶላር ካርድ ከየት ያመጣል? እስከዚያ አስብበታለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ዝናብ። መብራት የለም። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ታክሲዎቹ ዳገቱን እምቢ ብለዋል። ሐመልማል ተናዳለች። እኔ በልቤ ደስ ብሎኛል፤ የጠፋ ኮምፒውተር አይዘረፍም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

መጥፎ ቀን።

ከበበ ፍላሹን ሲያወጣ ቀድሜ ተቀበልኩት። «ዛሬ በእኔ በኩል ያልፋል» አልኩ። ሰካሁት። ጋሻው ቀይ ሆኖ ጮኸ። የሆነ ፋይል አልወደደለትም።

የጥበቃ ኃላፊነቱ ተነሣብኝ። «ከበበ፣ ከእንግዲህ ይኼን ነገር ይዘህ እዚህ ቤት እንዳትገባ» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። የመጋዘን በር ላይ እንደምናገረው።

ሐመልማል «ሣህሌ!» አለች።

ከበበ ፍላሹን ከእጄ ወስዶ በሸሚዙ ጠረገው፣ ኪሱ ከተተው። «እኔ በር ላይ የምቆም ሰው ነኝ?» አለኝ። ሻዩን አልጨረሰም።

ደንብ ደንብ ነው። ግን ስኒውን ሳነሣው ገና ይሞቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ሐመልማል አትቆጣም። ብትቆጣ በወደድኩ። ክፍል ውስጥ መስተዋት ሲሰበር «ማነው?» ብላ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ሰሌዳውን እየጠረገች ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ አራት ቀን ጠብቃ፣ በአምስተኛው ቀን ልጁ እያለቀሰ ራሱ መጣ።

ዛሬ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ጠረገችው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ከአጥሩ ማዶ እልልታ። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ወንድ ነው። ሰገነት በሰላም ተገላገለች። ሐመልማል የገንፎ እህሉን ይዛ በዝናብ ሮጠች። እኔ ጃንጥላዬን አንሥቼ እስከ በራችን ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ሰገነትን እሹሩሩ ብያታለሁ። ነገ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

አዲስ ዘበኛ ቀጠርኩ!

የጋሻው ሠላሳ ቀን ከትናንት ወዲያ አልቆ ጥሎኝ ሄደ። ዛሬ መገናኛ ወርጄ ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። «አባት፣ ይኼማ ፉሉ ነው፣ ለዕድሜ ልክ ነው» ብሎ በገዛሁት ፍላሽ ላይ ጫነልኝ። ምልክቱ የወርቅ ቁልፍ ነው። እንዴት ያምራል! ሰሚያ ሳታየኝ በላይኛው መንገድ ዞሬ ገባሁ። ለምን እንደዞርኩ አላውቅም፤ ያኛው መንገድ ጭቃው ያንሳል።

ሲጫን አንድ ትንሽ ነገር ጠየቀኝ። አደረግሁለት። አዲስ ተረኛ ሲገባ የድሮው ቦታ መልቀቁ ያለ ነው።

አሁን ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሁኔታ፦ ሰላም ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

የአደጋ ሪፖርት።

የደረሰው፦ የሐመልማል ጽሑፍ በሙሉ ተቆልፏል። የፋይሎቹ ስም ጭራ አብቅሏል፤ አንዱም አይከፈትም። በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተቀምጧል። ዶላር ይላል።

የታወቀበት ሰዓት፦ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል። ያወቀችው ሐመልማል።

የጠፋው ንብረት፦ የአራት ዓመት።

የጥፋተኛው ስም፦ ከበበ።

ከበበ ከመጣ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል። ቢሆንም ቫይረስ ተኝቶ ይቆያል ይላሉ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ሰሚያ መጣች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ፋየርዎሉም አብሮ የመጣው አንቲቫይረስም ጠፍተዋል፤ ማን አጠፋቸው?»

«መብራት ሲሄድና ሲመጣ ይሆናላ» አልኳት።

«መብራት እንኳ እነዚህን አያጠፋም ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ቀና ብላም አላየችኝም። ለዚህ አመሰገንኳት፤ በልቤ ነው ያመሰገንኳት።

ዶላሩን ብንከፍልስ አልኩ። «ቢከፍሉም ቁልፉን ለመስጠታቸው ማን ዋስ ይሆናል?» አለች። ዋስ ስትል ደነገጥኩ። እኔ በሥራ ዘመኔ ያለ ዋስ አንድ ዘበኛ ቀጥሬ አላውቅም። የአጎቴን ልጅ እንኳ ዋስ አምጣ ብዬ መልሼዋለሁ። ይኼን ማንሣቴ እንዲያው ነው።

ሐመልማል ሰሚያን በር ድረስ ሸኘቻት። ሽኝቱ ረዘመ። ተመልሳ ስትገባ ፊቷ የነበረው አልነበረም።

«ሣህሌ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

«ምን እነግርሻለሁ?»

ጨርቋን አንሥታ ጠረጴዛውን ጠረገች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

አዱኛ ጋ ሄጄ አሥራ ሁለት ጥቅል ቆሎ ገዛሁ፤ ለመጠቅለያው። የሐመልማል ጽሕፈት የተገኘበት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ግማሹ የተቀደደ። «ጥርስ የለው፣ ይነክሳል» ይላል፤ መልሱ ተቀዷል። ብርድ ሳይሆን አይቀርም።

አዱኛ «ምን ሆናችሁ ነው?» አለች። ነገርኳት። የከበበ ፍላሽ ነው አልኳት። ለአዱኛ መናገር ለሰፈሩ ጡሩምባ መንፋት መሆኑን አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

ቆሎውን መጨረስ አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ሐመልማል በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አራስ ልጠይቅ ብላ ትወጣለች። መነጽሯንና እስክርቢቶዋን ትይዛለች። አራስ ለመጠየቅ እስክርቢቶ ምን ያደርጋል?

ማታ ስትመለስ ፊቷ ፈክቷል፤ ትዘፍናለች ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ያጣች ሴት! ምን ዓይነት ጽናት ነው የሰጣት? እኔ አልበላም፣ እሷ ትበላለች። «ብላ እንጂ» ትለኛለች። አሳ አስመጥታ ሠራችልኝ፤ ነሐሴ አንድ ጾም ሳይገባ ብላ። የምወደው ነው። እየበላሁ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ሕፃኑን እስካሁን አላየሁትም። አሥራ ሰባት ቀኑ ነው። የአጥር ማዶ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምቶ ያልጠየቀ ሽማግሌ በዚህ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም፤ እሷ ማዶ ናት። ብቻዬን ስለሆንኩ ልጻፍ።

ወጣት ሳለሁ የሌሊት ተረኛ ስሆን አንዳንዴ ሥራው በስምንት ሰዓት ያልቃል። በእግሬ ወደ ቤት እመጣለሁ። ልጃችን ገና ጨቅላ ናት፣ ሐመልማል ደክሟታል፣ ባንኳኳ ይነቃሉ። ደረጃው ላይ ካፖርቴን ተጠቅልዬ እስኪነጋ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ጧት በሩን ከፍታ ጤዛ ለብሼ አገኘችኝ። «አንተ ሰው! የራስህ ቤት እኮ ነው፣ አንኳኳ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ጮኻ ስታበቃ አለቀሰች። ከዚያ በኋላም አላንኳኳሁም። ምን እንደማፍር አላውቅም። የሰው የተዘጋ በር ስጠብቅ ስለኖርኩ ይሆናል፣ ማስከፈት አልለመድኩም።

ሐመልማልን እወዳታለሁ። ይኼ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም፣ ግን ሌላ መጻፊያ የለኝም።

ትናንትም «የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኩ። እንዲህ ስል ሦስተኛዬ ነው። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ ያ ያለ ደመወዝ የሚያድረው ዘበኛ ተኝቶ አያውቅም ነበር። ሰኔን ሙሉ ቆሞ ነበር።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በራችንን በዱላ ደበደቡት። በየዓመቱ እኔና ከበበ በሩ ላይ በርጩማ አውጥተን ተቀምጠን ግጥማቸውን እንዳኛለን፤ የተሻለው ጭብጨባ ይጨመርለታል።

አንዷ ፈጣጣ፣ «አባባ፣ ሌላኛው ዳኛስ?» አለችኝ።

«አሞታል» አልኳት።

«አላመመውም፣ እዚያ በሩ ላይ ቁጭ ብሏል» አለች።

አየሁ። ሃያ እርምጃ ርቆ፣ በርጩማው ላይ፣ ብቻውን። እሱም ወደ እኔ ያይ ነበር፤ በዚያ በደከመ ዓይኑ ማንነቴን ይለየኝ አይለየኝ እንጃ። ሙልሙሉን ለልጆቹ ሰጥቼ ገባሁ። ውሸት ውሸትን ይወልዳል፤ የሠላሳ ዓመት ወዳጄን ጤና እንኳ ዋሸሁበት።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ነገ የሕፃኑ ክርስትና ነው። ሐመልማል ትናንት «ተጠርተናል» አለችኝ። «ማን ጠራን?» ስላት «ከበበ ነዋ፤ ሁለታችንንም» አለች። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ዛሬ ከሰዓት ካፖርቴን ለበስኩ። አባቶቻችን የበደሉትን ለመታረቅ ድንጋይ ተሸክመው ይሄዱ ነበር። እኔ የወርቅ ቁልፉ ያለበትን ፍላሽ በኪሴ ያዝኩ። ከድንጋይ ይከብድ ነበር።

የከበበ በር ላይ ቆምኩ። እጄን ለማንኳኳት አነሣሁ፣ አወረድኩ። ሁለተኛም አነሣሁ፣ አወረድኩ። ከውስጥ የሐመልማል ድምፅ ይሰማል።

«ሦስት መቶ ዘጠና አንድ። እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ እዚህ ጋ ሰረዝ አድርጊ ሰገነቴ፣ አጥር ዘሎ ጎረቤት ይገባል።»

ከዚያ ቀጭ ቀጭ የሚል የፊደል ድምፅ። ከዚያ የሕፃን ማጉረምረም።

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ደስታ ይሁን እፍረት ሳልለየው አንኳኳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ አድርጌ አንኳኩቼ አላውቅም።

ከበበ ራሱ ከፈተ።

«ከበበ፣ ፍላሽህ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ። መገናኛ ሄጄ ቁልፉ የተሰበረ ገዛሁ። ‹ያሉትን አጥፋቸው› አለኝ፤ በዚህ እጄ ፋየርዎሉንም አንቲቫይረሱንም አጠፋሁና በሩን ከፍቼ ግባ አልኩት። ዋስ እንኳ አልጠየቅሁትም። ከዚያ ለአዱኛ ያንተን ስም ሰጠኋት።»

ዝናቡ ከጣራው ጠርዝ በአንገቴ ይወርዳል።

«ስማ» አለ ከበበ። «አዱኛ ያወራችው አላመመኝም። ፍላሹም አላመመኝም። ሚስቴ ያረፈች ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ እዚህ በሬ ላይ ፍራሽ አንጥፈህ የተኛኸው አንተ ነህ፤ ‹ሰው ስለመጣ አትነሣ፣ እኔ እከፍታለሁ› እያልክ። ያ ሰው ነው በር ላይ ያስቆመኝ ብዬ ነው ያመመኝ።»

እንባዬ መጣ። ከለከልኩት ብል ይኼም ሌላ ውሸት ይሆናል። ከበበ በክንዴ ይዞ ጎተተኝ። «ግባ እንጂ፣ ዝናብ ላይ ቆመህ ምን ትጠብቃለህ?»

ሐመልማል መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ ተቀምጣለች። ሰገነት ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስተኝታ ላፕቶፕ ይዛለች። ሐመልማል በጣቷ ስትቆጥር ቆየች።

«ሠላሳ ሦስት ቀን» አለችኝ። «የአንደኛ ክፍል ልጅ እንኳ በአምስት ቀን ተናዟል።»

«ሁሉን ታውቂ ነበር?»

«ሰሚያ የዚያኑ ዕለት በር ላይ ነግራኛለች። ግን ከአንተ አፍ ነበር የፈለግሁት።»

በየቅዳሜው የጻፈችውን በከበበ ፍላሽ ትሰጠው ኖሯል፤ ዓይኑ ስለማያይ ሰገነት ታነብለታለች፣ እሱ ያርማል፣ ቅዳሜ ይመልሳል። ጋሻው ያኔ የጮኸበት ፋይል የአማርኛ ፊደል መጻፊያዋ ነው፤ ያውም ከእኛው ኮምፒውተር የሄደ። ሰሚያ ፍላሹን ፈትሻዋለች፤ ንጹሕ ነው። እስከ ሰኔ 21 ያለው፣ ሦስት መቶ ሰባ አራት እንቆቅልሽ፣ አንድም አልጠፋም። የጠፋው ከዚያ ወዲህ የተጻፈው፣ እኔ ከበበን ስላባረርኩ ፍላሹ ላይ ያልገባው ብቻ ነው። እሱን ነበር ከሰዓት ከሰዓት ከበበ እያስታወሰ፣ ሐመልማል እያስጻፈች፣ ሰገነት እየጻፈች የሚጠግኑት።

«ለምን መዝሙር ነው አላችሁኝ?»

ሁለቱ ተያዩ። «ያላየኸው ገጽ ስላለ ነው» አለ ከበበ። ሰገነት ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ለሣህሌ፤ የሰው በር ሲጠብቅ አድሮ የራሱን በር ማንኳኳት ለሚያፍረው።»

ሕፃኑን ሰጡኝ። ያዝኩት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ክርስትናው አለፈ። ማቲዎስ ተባለ። ጠበሉ ቀዝቅዞት አገር ይያዝልኝ ብሎ አለቀሰ።

ግብዣው ላይ አዱኛን ፈልጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ኮምፒውተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከበበ ንጹሕ ነው» አልኳት። «ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል» አለችኝ። «እንዲሰማ ነው ላንቺ የምነግርሽ» አልኳት። ተቆጣች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ተነሥታ ሥራዋን ጀመረች። ድግሱ ሳያልቅ ከበር እስከ ጓዳ ያልሰማ አልነበረም።

ማታ የሐምሌ 15ን ገጽ ገለጥኩ። መዝገብ አይፋቅም፤ ይሰረዛል። የተሰረዘው መነበብ አለበት፣ ከጎኑም ይፈረማል። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሌሎች ያስተማርኩት ነው። «ከበበ» በሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከጎኑ «ሣህሌ፣ ተረኛ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ትናንት አራት መቶ ሞላ። ሐመልማል ራሷ ለወንጌል አስረከበችው። ለመስከረም ይደርሳል።

ሰሚያ ኮምፒውተሩን አጽድታ እንደ አዲስ ጫነችው። አብሮት የመጣው ዘበኛ በቦታው ቆሟል፤ ደመወዝ አይጠይቅም፣ አይተኛም። ኮፒው አንድ እኛ ጋ፣ አንድ ከበበ ጋ፣ አንድ ሐዋሳ ልጃችን ጋ ነው። የወርቅ ቁልፉን ፍላሽ ሰሚያ በመዶሻ ሰበረችው። መዶሻውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

በዘጠኝ ሰዓት ተንኳኳ። ከበበ ነው። በር ላይ ሁለት እጁን ሰቅሎ ቆመ፤ በአንዱ እጁ ፍላሹን ይዟል።

«ፈትሸኝ።»

«ደንቡ ተለውጧል» አልኩት። «መጀመሪያ የሚፈተሸው የባለቤቱ ነው።» የራሴን አዲስ ፍላሽ ሰካሁ፤ አረንጓዴ። ከዚያ የእሱን፤ አረንጓዴ። ሐመልማል ከወጥ ቤት አንገቷን አውጥታ ታያለች።

«ዋስስ አለህ?» አልኩት ለጨዋታ።

«ሐመልማል ናት ዋሴ። ያንተስ? ያን ሁሉ አጥፍተህ ይኼ ቤት መልሶ ሲቀጥርህ፣ ዋስህ ማነው?»

አሰብኩ። ሻይ ቀዳሁለት።

«አገር ስጠኝ» አለ።

«ፈረንሳይን፣ ይኼን ሰፈራችንን ሰጠሁህ፣ ከነዳገቱ።»

«ፈረንሳይ ገብቼ ምን አጥቼ!» አለና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እኔ ነኛ።»

ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣ።

ሁኔታ፦ ሰላም ነው።